ላብ የሌለው ልጅና የስቅለት ውሃ

የልጅ ልጄ አያልበውም። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ልጁ የታደለ ይመስለዋል፤ «በዚህ በአዳማ ሙቀት? እንዴት ያለ ዕድል ነው!» ያለኝም አለ። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ላብ ምን እንደሆነ ማስረዳት ይጠበቅብኛል። ዕድሜዬን በቅኔ ማህሌት የፈጸምኩ፣ ለደቀ መዛሙርት ዜማና አቋቋም ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ጠል፣ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ብዙ ዘምሬአለሁ። ከገዛ ግንባሬ ስለሚወርደው ውሃ ግን ይህ ልጅ እስኪወለድ ድረስ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም፤ በመሐረብ ጠርጌ የምጥለው ነገር ነበርና።

ልጄ የወለደችው ባሏ በመምህርነት ተመድቦ ይሠራበት በነበረው በወለንጪቲ ነው። ሕፃኑ ገና በአራስነቱ የበጋው ሙቀት ሲበረታ እንደ ፍም ይግል ጀመር። ሳል የለው፣ ተቅማጥ የለው፤ ትኩሳት ብቻ። በዙሪያዋ የነበሩት ሴቶች «ምች ነው» አሉ። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ትኩሳት የያዘው ልጅ የሚታከምበት ደንብ የታወቀ ነው፦ በር ይዘጋል፣ መስኮት ይደፈናል፣ ልጁ በጋቢ ተጠቅልሎ ላብ እስኪያወጣ ይጠበቃል፤ ላቡ ሲወጣ በሽታውም አብሮ ይወጣል ይባላል። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው፤ ልጆቼም ያደጉት እንዲሁ ነው። የዚህ ልጅ ላብ ግን አልመጣም። ላቡ በዘገየ ቁጥር ሌላ ጋቢ ይደረብበታል፤ ጋቢ በተደረበበት ቁጥር ልጁ ይብሳል።

ከአዳማ በሚኒባስ ተሳፍሬ ስደርስ ቤቱ እንደ ምድጃ ነዶ አገኘሁት። ልጁን ጸሎት ላደርስለት ከጥቅሉ አውጥቼ ታቀፍኩት። ቆዳው ፀሐይ ላይ ተወጥሮ እንደዋለ ብራና ደርቋል። ያን ሁሉ ልብስ ለብሶ በብብቱ እንኳ ጠብታ እርጥበት አልነበረውም። ምክንያቱን አላወቅሁም፤ ነገር ግን እጄ ያገኘውን ነገር ልቡናዬ አልወደደውም።

«ክፈቱት» አልኩ።

«አባ፣ ነፋስ ይገባዋል» አለች ልጄ።

«ይግባው። እዚህ ውስጥ ያለው ምን ጠቀመው?»

በማግስቱ ማለዳ ወደ ጸበል ወሰድነው። ቀዝቃዛው ውሃ በአናቱ ሲፈስስ ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ወደ እናቱ ሳቀ። እልል ተባለ። ፀሐይ ስትበረታ ግን ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለው ማለዳም እንዲሁ ሆነ፤ ያን በጋ ሙሉ እንዲሁ ሆነ። በጸበል ይድናል፣ በቀትር ይነዳል። ሰዉም የራሱን ፍርድ ፈረደ፦ ከውሃ የሚሸሽ መንፈስ ነው ያደረበት። የልጄ የባሏ አባት፣ እዚሁ አዳማ የሚኖር በአጥቢያችንም የተከበረ ጡረተኛ፣ ሰዎች ባሉበት ፈገግ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«መሪጌታ፣ እርስዎ በዘመድነት ገብተው ሳለ መንፈስ ቤታችንን ይድፈር? ወይስ ተከትሎዎት መጣ?»

ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩን ግን አልረሳሁትም።

ልጁ ጥርስ ማውጣት በሚገባው ዕድሜ ሳያወጣ ቆየ። በኋላ ከላይ ሁለት ወጡ፤ እነርሱም እንደ እሾህ ሾጣጣ ነበሩ። ጠጉሩም በጫጩት ገላ ላይ እንዳለው ያለ ስስ ሆኖ ቀረ። በዚህ ጊዜ ነው አዳማ ወደምትሠራ አንዲት ወጣት የሕፃናት ሐኪም ይዘነው የሄድነው። ልጁን አገላብጣ አየችው፣ አፉን አየች፤ ከዚያ ስለ ልጁ አንድም ነገር ሳትናገር ወደ ልጄ ዞረች።

«እስቲ አንቺ አፍሽን ክፈችልኝ።»

ልጄ ደነገጠች። ከፈተች። ከላይ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጥርስ የላትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አልነበሩም፤ እኛ እንደ መልኳ ቆጥረነው ነበር።

«ፀሐይ ላይ ስትሆኚስ እንዴት ነው የሚያልብሽ?»

«በአንድ በኩል ነው» አለች ልጄ አፍራ። «ጀርባዬን ግማሹን ያልበኛል፤ ግማሹ ደረቅ ነው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ተመለሰች። «አባቴ፣ የእርሷ እናትስ? ጥርሳቸው ጎደሎ ነበር?»

ባለቤቴ ከዚህ ዓለም ድካም ካረፈች ቆይታለች። በሕይወት ሳለች በሳቀች ቁጥር ነጠላዋን ወደ አፏ ትስብ ነበር። እኔ ጨዋነት ነው ብዬ ወድጄላት ኖርኩ። ከነጠላው በስተጀርባ የነበረውን ክፍተት ባውቀውም ለጥያቄ የሚያበቃ ነገር አድርጌ አልቆጠርኩትም።

«ነበር» አልኳት። «ለእኔ ግን ጎደሎ አልነበረም።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

የልጁ ደም በአስተማሪዎቿ በኩል ወደ ውጭ አገር ተልኮ ቆይቶ መልሱ መጣ። ያን ዕለት እኔንም አስጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፤ ይህን ስላደረገች እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። በሰው ገላ ውስጥ ኢዲኤ የሚባል አንድ ዘረመል አለ አለች። ዘረመሉ የአንድ ፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ ነው፤ ፕሮቲኑ ደግሞ መልእክተኛ ነው። ሕፃን በማኅፀን ሳለ የቆዳው ሕዋሳት ገና ምን እንደሚሆኑ አልለዩም። አንደኛው ወገን ይህን መልእክተኛ ይልካል፤ ሁለተኛው ወገን በተዘጋጀለት በር ተቀብሎ «እዚህ ላይ ጠጉር ይብቀል፣ እዚህ ላይ የላብ ዕጢ ይቆፈር፣ እዚህ ላይ ጥርስ ይተከል» የሚለውን ትእዛዝ ይፈጽማል። በዚህ ልጅ ላይ የመልእክተኛው መሥሪያ ተሳስቷል። በሩ አለ፤ ተቀባዩ አለ፤ መልእክተኛው ግን በጊዜው አልደረሰም። የላብ ዕጢዎቹም ሳይቆፈሩ ቀሩ።

«ገባዎት አባቴ?» አለችኝ።

«ልጄ፣ አቋቋም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«በጥምቀት አያለሁ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ከበሮው አለ፣ መቺውም ቆሟል፣ እጁም ተነሥቷል። ግን መሪው በመቋሚያው ምልክት ካልሰጠ አይመታም። ምልክቱ ሳይሰጥ ያ ቦታ ካለፈ ደግሞ አለፈ ነው፤ ዜማው ወደ ኋላ አይመለስም። የእኛ ልጅ ከበሮ አልጎደለውም ማለትሽ ነው። ምልክቱ ነው የጎደለው።»

ከወንበሯ ቀና አለች። «ይህን ለተማሪዎቼ ልንገራቸው?»

«ንገሪያቸው። ግን መጀመሪያ ማህሌት አስቁሚያቸው፤ ያለዚያ አይገባቸውም።»

ሳቀች። በሳቋ መካከልም ስለ ጸበሉ አነሣች፤ ክፉ አስባ አይደለም። «እንግዲህ አባቴ፣ ያኔ ያዳነው ጸበሉ ሳይሆን የውሃው ቅዝቃዜ ነበር» አለች።

«ውሃውን ማን አቀዘቀዘው?» አልኳት።

ወረቀቶቿን ሰበሰበች። እኔም አልጨመርኩባትም። መንፈስ ነው ያሉትን እንደማልቀበላቸው ሁሉ፣ የዳነበትን ውሃ ከፈጣሪ እጅ ነጥቀው ለቴርሞሜትር የሚሰጡትንም አልቀበልም። ሁለቱንም በአንድ ልብ እከለክላለሁ።

ዘረመሉ በእናት በኩል እንደሚመጣ ሐኪሟ አልደበቀችንም። ሴት ሁለት ቅጂ ስላላት አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይሸፍንላታል፤ ወንድ ግን ያለው አንድ ነው፤ እርሱ ከተሳሳተ ምትክ የለውም። ይህን የሰማው የልጄ የባሏ አባት እኔ ቤት ድረስ መጣ። በዚያን ጊዜ ልጄና ባሏ ወደ አዳማ ተዛውረው በግቢዬ ይኖሩ ነበር። እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ፣ ልጄ ባለችበት፣ እንዲህ አለ፦

«እንግዲህ ተረጋገጠ። ነገሩ ከእናንተ ወገን ነው።»

«አዎ፣ ከእኛ ነው» አልኩት።

ይክደኛል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር።

«የአያቱ ነው፤ የእናቱም ነው» አልኩ። «አያቱ ከዚያ ጋር ስቃ ኖራለች፤ እናቱም ከዚያ ጋር ለልጅዎ ሚስት ሆናለች። የአያቱን ሳቅ ያመጣልንን ዘር እንዴት አድርጌ ልጥላው?»

«ጥሉት አላልኩም መሪጌታ። ልጁ በቤት ይዋል ነው የምለው። ቢያንስ ሰው አይየው። ሲወድቅ፣ ሲነሣ፣ ውሃ ሲደፋበት... ለእርሱም አይበጅም፣ ለስማችንም አይበጅም።»

«ቤት የሚውለው ዕቃ ነው» አልኩት። «ይህ ልጅ ሰው ነው፤ ከሰው ጋር ይውላል። ሙቀቱን እኔ እችልለታለሁ።»

እንዲህ ማለት ቀላል ነበር። ሙቀቱን መቻል ግን ሙያ ሆነብኝ። ልጁ ከቤት ሲወጣ ሸሚዙን ውሃ ነክረን ጨምቀን እናለብሰዋለን፤ አዳማ ላይ እርጥብ ሸሚዝ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ሳይደርስ ይደርቃል። ስለዚህ ውሃ የያዘ ጠርሙስና እርጥብ ፎጣ አይለየውም። ጎረቤታችን ኦሮሞና ሙስሊም የሆነች ባለ ሱቅ ናት፤ በፍሪጇ ለስላሳ ትሸጣለች። በየማለዳው «አከም ቡልተኒ አባ!» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ እያለችኝ፣ ውሃ በፌስታል ያረጋችውን በረዶ ታቀብለኛለች። ክፍያ ስላት ትቆጣለች። በትምህርት ቤትም መስኮት አጠገብ እንዲቀመጥ፣ በክፍል ውስጥ ራሱን በውሃ እንዲያርስ ስጠይቅ ርእሰ መምህሩ አመነታ፤ «ለአንድ ተማሪ የተለየ ሥርዓት?» አለኝ። «እዚህ መልካሳ የእርሻ ምርምር ለማሽላ እንኳ ድርቅ የሚችልበትን መንገድ የሚፈልጉለት ምሁራን አሉ» አልኩት፤ «ለዚህ ልጅ አንድ መስኮት መፈለግ ከበዳችሁ?» መስኮቱ ተሰጠው።

ልጆች «ድመቴ» ይሉታል፣ ስለ ጥርሱ። በመጀመሪያ እያለቀሰ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱ ልጅ በራችን ላይ እንደዚያ ሲለው፣ እርሱ «ቀረብ በል እንጂ፣ ከሩቅ ምኑ ይታይሃል?» ብሎ ሲመልስለት ሰማሁና ውስጤ ተደላደለ።

አሁን ወደዚያ ስቅለት ልምጣ።

ልጁ በሰንበት ትምህርት ቤት መዘመር ጀምሮ ነበር። በዚያ ዓመት «ከጓደኞቼ ጋር እሰግዳለሁ» አለ። አንባቢዬ የስቅለትን ቀን ያውቀዋል፤ ከማለዳ ጀምሮ እስከ ማታ ይሰገዳል፣ ጠብታ ውሃም አይቀመስም። ሚያዝያ ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ምን እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ልጄ «አይሆንም፣ ይሞትብኛል» አለች። ልጁ አለቀሰ። በልጄ ፍርሃትና በልጁ ልቅሶ መካከል ቆሜ፣ ያ «ቤት ይዋል» የሚለው ቃል በሌላ በር ተመልሶ እንደመጣ ታየኝ። በዚህ ቀን ከሕዝቡ ተለይቶ ቤት ከዋለ፣ በኋላ በየበዓሉ ይውላል።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። እርሳቸው ነገሩን ያውቁታል። «ሕመምተኛ ነው፤ ውሃውን ይጠጣ፣ በጥላ ይስገድ፣ የቻለውን ያህል» አሉኝ። ልጁን ለብቻው ጠርተውም ነገሩት። በዕለቱ ማለዳ ጎረቤታችን ከወትሮው የበዛ በረዶ ሰጠችኝና፦

«አባ፣ ዛሬ እኮ አትጠጡም። ይህ ለማን ነው?»

«ለልጁ።»

«እኛ ዘንድ በረመዳን የታመመ አይጾምም። እናንተ ዘንድ አይፈቀድም?»

«ይፈቀዳል» አልኳት። «ሰው ነው የማይፈቅደው።»

«እርሱማ እኛም ዘንድ አለ» አለች።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከኒም ዛፎቹ ሥር ከሽማግሌዎች ጋር ቦታ ያዝኩ። ልጁን ከአጠገቤ በጥላው አቆምኩት። የልጄ የባሏ አባትም ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ቆሞ ነበር። ረፋዱ በሰላም አለፈ። ልጁ ይሰግዳል፣ ያርፋል፤ ጠርሙሱን ባቀብለው ግን «ቆይ አባባ» ይለኛል። ቆይቼ ስመለከት ከጥላው የለም። ጓደኞቹ ፀሐይ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ተሰልፈው ይሰግዱ ነበርና ሄዶ በመካከላቸው ገብቷል። ጠርሙሱን ከእኔ ጫማ አጠገብ ትቶታል።

«ኪርያላይሶን» እየተባለ ሕዝቡ ይወድቃል፣ ይነሣል። እርሱም ከሁሉም ጋር ይወድቃል፣ ከሁሉም ጋር ይነሣል። በሌሎቹ ልጆች ጀርባ ላይ ላቡ እንደ ካርታ ተስሎ ይታየኛል። የእርሱ ሸሚዝ ከጀርባው እስከ አንገትጌው ነጭና ደረቅ ነው። ከዚያ ሲወድቅ ከሁሉም ጋር ወደቀ፤ ሲነሣ ግን ከሁሉም በኋላ ተነሣ። በሚቀጥለው ከዚያም ዘገየ።

ጠርሙሱን፣ የበረዶውን ፌስታልና ፎጣውን አንሥቼ በሚሰግደው ሕዝብ መካከል ሄድኩ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰልፍ አቋርጦ ማለፍ ለእኔ ላለ ሰው ነውር ነው፤ ሌላው ቢያደርገው የምቆጣው እኔ ነበርኩ። ደርሼ ከበረዶው የቀለጠውን ውሃ በአናቱ ላይ አፈሰስኩት። ተንቀጠቀጠ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ትንፋሹ አጭር ነው። ጠርሙሱን ወደ አፉ ሳስጠጋ ከንፈሩን ገጠመ።

«ጠጣ።»

«ማንም አልጠጣም አባባ።»

«የንስሐ አባታችን ፈቅደውልሃል።»

«እያዩኝ ነው።»

እውነቱን ነው፤ እያዩት ነበር። የልጄ የባሏም አባት ከኋላዬ ደርሶ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነገር ግን ሌሎች እንዲሰሙት አድርጎ፦

«መሪጌታ፣ ዛሬ ስቅለት ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩ ሳልዞር። «ጌታ የተጠማበት ቀን ነው። ያን ጊዜ ኮምጣጤ ያቀረቡለት አሉ። እኔ የያዝኩት ውሃ ነው፤ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ እርስዎ ይፍረዱ።»

ልጁ ከንፈሩን እንደገጠመ ነው። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለኝ፦ «እርስዎ ከጠጡ እጠጣለሁ።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር እንዲያስብልኝ እለምናለሁ። ይህን ጾም የጀመርኩት ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ከትዝታዬ ሁሉ በፊት ነው። በስቅለት ቀን ውሃ በአፌ ገብቶ አያውቅም። በወባ በተያዝኩበት ዓመት እንኳ አልገባም። ዙሪያዬን የሚሰግዱት ግማሾቹ ዜማ ያስተማርኳቸው ናቸው። ነገር ግን ልጁ የጠየቀኝ ውሃ እንድሰጠው አልነበረም። ብቻውን እንዳላደርገው ነበር የጠየቀኝ። ሕዋሳቱ ገና በማኅፀን ሳሉ መልእክተኛ ጠብቀው ያልመጣላቸው ልጅ፣ አሁን ከእኔ አንድ ምልክት ጠበቀ።

ጠርሙሱን ወደ አፌ አደረግሁ። ጠጣሁ። ከንፈሬን ለማርጠብ አይደለም፤ ጉሮሮዬ ሲንቀሳቀስ ልጁ እንዲያይ አድርጌ ጠጣሁ።

ከኋላ አንድ ወጣት «ኧረ መሪጌታ ጠጡ» ሲል ሰማሁ። ሌላው «ዝም በል» አለው።

ልጁ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደና እስኪያልቅ ጠጣ። የቀረውን በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ማጅራቱ ላይ አስቀመጥኩና እጁን ይዤ ወደ ጥላው መለስኩት። ቁጭ አለ። ትንፋሹ ቀስ በቀስ ረዘመ። የፊቱ ቀለም ሲመለስ ተነሥቶ ከአጠገቤ ሰገደ። ግንባሩ ባረፈበት ምንጣፍ ላይ ከጠጉሩ የተንጠባጠበው ውሃ እርጥብ ምልክት ትቶ ይታያል፤ ጎረምሶቹ ላባቸውን እንደሚተዉት ሁሉ።

ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ትከሻችንን እየጠበጠቡ ሲያሰናብቱን ከንስሐ አባታችን ዘንድ ተራ ደረሰኝ። ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ እኔ ነገርኳቸው። ለሕመምተኛው የፈቀዱት ለእኔ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ቀኖና ሰጡኝ፤ ሳልከራከር ተቀበልኩ፣ ሳላጓድልም ፈጸምኩ። «ተጸጽተሃል?» ብለው ግን አልጠየቁኝም። ብልህ ካህን ናቸው።

የልጄ የባሏ አባት በዚያ ፋሲካ ለእንኳን አደረሳችሁ ወደ ቤታችን አልመጣም። በዳግም ትንሣኤ ከቅዳሴ ስንወጣ አገኘሁት።

«ልጁ ተረፈ» አለኝ። «ስምዎ ግን አልተረፈም መሪጌታ። ከተማው ሁሉ ያወራል።»

«ያውራ» አልኩት። «በሚያወሩበት ጊዜ አንድ ነገር ይጨምሩላቸው። ልጁ በሚመጣው ዓመትም ከጓደኞቹ ጋር ይሰግዳል። እኔም ከአጠገቡ እቆማለሁ። ከንፈሩን ገጥሞ እንደገና ቢያየኝ፣ እንደገና እጠጣለሁ።»

ዘንድሮ ሚያዝያ ከመግባቱ በፊት ሁለተኛ ጠርሙስ ገዝቻለሁ፤ ይህኛው የእኔ ነው። ጎረቤታችንም በፍሪጇ ቦታ ይዛልኛለች።